የቤታቸውን ምሰሶ የነቀሉ አባት፦ የዲላው ዋራሳ ዋንጌ

ስለ አክብሮት በቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ይነገራል። ልጆች ወላጆቻቸውን፥ ወጣቶች ሽማግሌዎችን፥ ምእመናን አገልጋዮቻቸውን እንዲያከብሩ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አክብሮት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፍርሃት የሚወለድ አክብሮት አለ፤ ከፍቅርና ከመቅረብ የሚወለድ አክብሮትም አለ። ሰው እግዚአብሔርን ከሩቅ እያከበረ፥ ስሙን በፍርሃት እየጠራ፥ የዕለት ኑሮውን ግን ለሌላ ጌታ ሊገብር ይችላል። በሚልክያስ 1፥6 እግዚአብሔር ካህናቱን የወቀሰው በዚህ ነበር። አባት ብለው ለሚጠሩት፥ ጌታ ብለው ለሚያገለግሉት አምላክ የሚገባው ክብር የት እንዳለ ጠየቃቸው።

ዛሬ ታሪካቸውን የምናነሣው አባት ይህንን ጥያቄ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ሳይኖር በልባቸው የጠየቁ ሰው ናቸው። ስማቸው ዋራሳ ዋንጌ ይባላል። የጌዴኦ ሰው ናቸው። ከጌዴኦ ገዥ ቤተሰብ ጋር ዝምድና ነበራቸው፤ የሚኖሩትም በጌዴኦ ምድር ዳር ላይ ባለችው በዲላ ከተማ ነበር። ዛሬ በሕይወት የሉም። ታሪካቸው ግን ዶን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ባሉ የወንጌል አማኞች ዘንድ ታውቋል። በውጭ አገር በሚስዮን ትምህርት ቤቶች ይተረካል። እኛ የአገራቸው ልጆችስ ምን ያህል እናውቀዋለን?

ሩቅ የሆነው ማጌኖ

የጌዴኦ ሕዝብ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ አቀበት ላይ የሚኖር ገበሬ ሕዝብ ነው። እንሰቱን፥ ቡናውንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አብሮ የሚያሳድግ በመሆኑ ምድሩ ከሩቅ ሲታይ ደን ይመስላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚህ ጥበብና በጥንታዊ የትክል ድንጋዮቹ ምክንያት ነው።

አክብሮት ለዚህ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ባሌ በሚባለው ሥርዓቱ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ አባ ገዳ ወደ ሌላው በሰላም ይተላለፋል። ሽማግሌዎቹ ሶንጎ በሚባለው የጉባኤ ስፍራ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ያስታርቃሉ፤ ይመርቃሉ። በሶንጎ ታናሹ በታላቁ ፊት አፉን አይከፍትም ማለት ይቻላል። የሰማይና የምድር ፈጣሪ የሆነውንም ማጌኖ ብለው ይጠሩታል። ደራሮ በተባለው የምስጋና በዓላቸውም ስለ ምድራቸው ፍሬ ያመሰግኑታል።

ዋራሳ በኖሩበት ዘመን ግን በዚህ አክብሮት ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር ነበር። ሕዝቡ ማጌኖ ታላቅ እንደ ሆነ ያምናል፤ ወደ እርሱ የሚጸልይ ሰው ግን ጥቂት ነበር። መሥዋዕቱ የሚቀርበው ለሰይጣን ነበር። ልጅ ሲታመም፥ ከብት ሲሞት፥ ዝናብ ሲጠፋ የሚታረደው ክፉው መንፈስ እንዳይቆጣ ነበር። በኋላ ሚስዮናውያን ወደ አገሩ መጥተው ማጌኖን ይህን ያህል እየፈራችሁ ለሰይጣን የምትሠዉት ለምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ልብ የሚነካ ነው። ሰዎቹ ሰይጣንን ወድደውት እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ከማጌኖ ጋር ያላቸው ቅርበት ከሰይጣን ጋር ለመቆራረጥ የሚያበቃ እንዳልሆነ ነገሩአቸው።

ወገኖች ሆይ፥ ይህን መልስ በችኮላ አንለፈው። እነዚህ ሰዎች ችግራቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር። ለፈጣሪ ክብር አልነፈጉትም፤ ክብሩን ግን በሩቅ አስቀመጡት። ሩቅ የሆነ አምላክ ደግሞ በጭንቅ ቀን ከደጅ ካለው ክፉ አያድንም ብለው አሰቡ። ዛሬስ በእሑድ እግዚአብሔርን በመዝሙር አክብሮ፥ ማክሰኞ ልጁ ሲታመም ወደ ጠንቋይ በጓሮ የሚሄድ ሰው በመካከላችን የለምን?

ኑሮውም ቢሆን ሰውን ፍርሃት የሚያስተምር ነበር። የጌዴኦ ምድር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባች ወዲህ ገበሬው ገባር ሆኖ ለባለ መሬት ይገብር ነበር። ቡናውን ለቅሞ፥ እንጨት ተሸክሞ፥ በጌታው ደጅ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ሸክሙ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ በ1952 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ሚችሌ በተባለው ስፍራ ተነሥተው ብዙ ሰው አልቋል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንገት መድፋት የዕለት ኑሮ ነው። አንገት መድፋት ግን ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም።

አጭር ጸሎት

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ዋራሳ ዋንጌ ሌሎች ያላደረጉትን አደረጉ። ወደ ክፉው መንፈስ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ማጌኖ ጸለዩ። ጸሎታቸው ረጅም አልነበረም። ማጌኖ ራሱን ለጌዴኦ ሕዝብ እንዲገልጥ ለመኑት። ሀብት አልጠየቁም፤ ከገዥው ቤተሰብ ጋር በነበራቸው ዝምድና ሥልጣንም አልፈለጉበትም። የጠየቁት ራሱን እግዚአብሔርን ነበር።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። ዋራሳ ራእይ ማየት ጀመሩ። ሁለት ነጫጭ ሰዎች ከዲላ አጠገብ በሚገኝ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ለራሳቸው ጊዜያዊ መጠለያ ሲተክሉ አዩ። ቆይተውም እነዚሁ ሰዎች ጣሪያቸው የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ቤቶችን ሠሩ። ቤቶቹ እየበዙ ሄደው ኮረብታውን ሞሉት። ዋራሳ እንደዚያ ያለ ድንኳንም ሆነ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አይተው አያውቁም ነበር፤ የጌዴኦ ቤት ክዳኑ ሣር ነበርና። ከዚያም ድምፅ ሰሙ። ድምፁ እነዚህ ሰዎች እርሳቸው ከሚፈልጉት አምላክ ከማጌኖ መልእክት እንደሚያመጡ፥ እንዲጠብቋቸውም ነገራቸው።

በመጨረሻው ራእይ ዋራሳ የራሳቸውን ቤት ምሰሶ ሲነቅሉ ራሳቸውን አዩ። ምሰሶውን ተሸክመው ከከተማው ወጡ፤ ከእነዚያ እንግዶች ቤቶች በአንደኛው አጠገብም ተከሉት። በጌዴኦ ልማድ የቤት ምሰሶ የባለቤቱን ሕይወት ያመለክታል። ስለዚህ ትርጉሙ ለዋራሳ ግልጽ ነበር። ወደ ፊት ሕይወታቸው ከእነዚያ ሰዎች፥ ከመልእክታቸውና ከላካቸው አምላክ ጋር አብሮ መቆም ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ራእዩ ለዋራሳ ወንጌልን አልሰበከላቸውም። የክርስቶስን ስም አልነገራቸውም። ያደረገው መልእክተኛ እንደሚመጣ ማመልከት ብቻ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቆርኔሌዎስ የተባለው የመቶ አለቃ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ መልአክም ተገለጠለት። መልአኩ ግን ስለ ክርስቶስ አልሰበከለትም፤ ወደ ኢዮጴ ሰው ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ አዘዘው። የዋራሳም ራእይ በዚሁ መንገድ ይመዘናል። ከእግዚአብሔር የሆነ ራእይ ሰውን ወደ ቃሉ ይመራል እንጂ በቃሉ ፈንታ አይቆምም። ራእይ አየሁ እያሉ ከቃሉ የሚያርቁ በበዙበት ዘመን ይህ መለያ እጅግ ይጠቅመናል።

ስምንት ዓመት

ዋራሳ ጠበቁ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለት፥ ሦስት ዓመት አለፈ። በአጠቃላይ ስምንት ዓመት ቆዩ። በጌዴኦ አቆጣጠር ይህ የአንድ አባ ገዳ ሙሉ ዘመን ነው። በእነዚያ ዓመታት በጌዴኦ የነበሩ ሌሎች ጠንቋዮችም ሳይቀሩ ከማጌኖ መልእክት የያዙ እንግዶች እንደሚመጡ ይናገሩ ነበር ይባላል።

እንግዶቹ የመጡት በ1941 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር 1933 ዓ.ም. አካባቢ እንደርሳለን። ይህ ጊዜ ምን እንደ ነበረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በግፍ ይዞ ነበር። በዚያን ወቅት በደቡብ ለሚኖር አንድ ገበሬ ነጭ ሰው ማለት ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያ የታጠቀ ወታደር ማለት ነበር። እንግዲህ ዋራሳ የታያቸው ነገር ከዘመኑ ወሬ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ነበር። የሰላም መልእክት ይዘው የሚመጡት እነማን ናቸው ቢባል በዚያ ጊዜ ማንም ነጭ ሰዎችን አይጠቅስም። ዋራሳ ግን መልእክተኛውን በቆዳው ቀለም አስቀድመው አልፈረዱበትም። ላኪውን ስላከበሩ የሚላከውን ለመቀበል ተዘጋጁ።

መጠበቅም አክብሮት ነው። ታናሽ ታላቁን ይጠብቃል፤ አገልጋይ ጌታውን ይጠብቃል። የማናከብረውን ሰው ግን አምስት ደቂቃ እንኳ መጠበቅ ያቅተናል። ዕንባቆም 2፥3 ራእዩ ቢዘገይ እንኳ በትዕግሥት እንዲጠበቅ ያስተምራል። ብዙዎቻችን የአንድ ሳምንት ጸሎት መልስ ሲዘገይብን በእግዚአብሔር ላይ ፊታችንን እናጠቁራለን። ገና ወንጌልን ያልሰሙት ዋራሳ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ተስፋውን ይዘው ኖሩ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሾላው

በዚያው ጊዜ እግዚአብሔር በሌላ በኩል መልእክተኞቹን ያዘጋጅ ነበር። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) አባላት በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ሊሄዱ ያሰቡት ወደ ጅማ ቢሆንም መንገዱ ወደ ወላይታ፥ ወደ ሲዳማና ወደ ሀዲያ አደረሳቸው። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። የአገሩ ልጆች በእስራትና በግርፋት መካከል ወንጌሉን አስፋፍተውት ነበርና።

ወደ ጌዴኦ የሚወስደው በር ግን ቀላል አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮን ድንጋጌ የውጭ ሚስዮናውያን የት ሊሠሩ እንደሚችሉ የሚወስን ነበር፤ ለሥራም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ካናዳዊው አልበርት ብራንትና ባልደረባቸው ግሌን ኬይን በጌዴኦ ምድር እምብርት ሊቀመጡ ፈለጉ። ሚስዮኑን የሚወዱ ኢትዮጵያውያን ግን መከሩአቸው። ወደ መካከሉ እንሂድ ብትሉ ትከለከላላችሁ፤ ዳር ላይ እስካለችው እስከ ዲላ ብቻ ፍቀዱልን በሉ፤ የሚቃወሟችሁ ሰዎች ከዚያች ዳርቻ ከተማ ሆናችሁ ሕዝቡን ሁሉ ትደርሳላችሁ ብለው አያስቡም አሏቸው። ሁለቱ ሰዎች ምክሩን ሰሙ።

ይህም ራሱ ትምህርት ነው። የአገሩን ነገር ለሚያውቅ ሰው ጆሮ መስጠት፥ ከባለ ሥልጣንም ፈቃድ መጠየቅ አክብሮት ነው። እኛ ከመከርነው መካከለኛ ስፍራ ይልቅ እግዚአብሔር ያየው ዳርቻ ይሻል ነበር። ብራንትና ኬይን በራሳቸው ሐሳብ ብቻ ሄደው ቢሆን ኖሮ ከዲላ አጠገብ ያለውን ሾላ ባላገኙትም ነበር።

በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ገደማ፥ በአንድ በጣም ሞቃት ቀን ማብቂያ ላይ፥ ያረጀች ኢንተርናሽናል የጭነት መኪና ሁለቱን ይዛ ዲላ ደረሰች። ወራቱ በአካባቢው ቡና የሚለቀምበት ነው። እንግዶቹ ድንኳናቸውን የሚተክሉበት ጥላ ፈለጉ። ከፊታቸው ትልቅ የሾላ ዛፍ አዩ፤ መኪናዋንም ወደዚያ መለሱ። ዋራሳ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ዞር ሲሉ መኪናዋ ስምንት ዓመት በልባቸው ይዘውት በኖሩት ዛፍ ቅርንጫፎች ሥር ስትቆም ተመለከቱ። ቀስ ብለውም ወደ እንግዶቹ ሄዱ።

ምሰሶው ሲተከል

ዋራሳ ዋንጌ ወንጌሉን ሰሙ፤ ጌታ ኢየሱስንም ተቀበሉ። ከሩቅ ያከብሩት የነበረው ማጌኖ በልጁ በኩል ቅርብ እንደ ሆነ አወቁ። ለክፉው መንፈስ መገበር የቀረው በዚህ ነው። ሰውን ከሰይጣን ፍርሃት የሚያላቅቀው ስብከት ብቻ አይደለም፤ ወደ አብ የሚያቀርብ ደም ነው። በኤፌሶን 2፥13 ጳውሎስ በፊት ርቀው የነበሩት በክርስቶስ ደም እንደ ቀረቡ ያስተምራል። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ለእነ ብራንት የሰጡት የቅርበት ጥያቄ መልሱን ያገኘው በመስቀሉ ላይ ነው።

ዋራሳ ምሰሶውን እንደ ተከሉ ቀሩ። መልእክቱን ሰምተው ወደ ቀድሞ ኑሮአቸው የተመለሱ ሰው አልነበሩም። ከብራንትና ከሌሎች አማኞች ጋር ሆነው በጌዴኦ ምድር ወንጌሉ እንዲስፋፋ ሠሩ። ሦስት ዐሥርት ዓመታት ሲሞላ በጌዴኦ ከ200 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተተክለው፥ እያንዳንዳቸውም በአማካይ ከ200 በላይ አባላት ነበሩአቸው። ይህም ሲደመር ከ40,000 በላይ ሰው ማለት ነው። ዳር ላይ ናት የተባለችው ዲላ መካከሉን ሁሉ አዳረሰች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ አማኞችም ታስረዋል። ሥራው ግን አልቆመም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ ከ10 ሰዎች ከ7 በላይ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ዛሬ በዲላ፥ በወናጎ፥ በይርጋ ጨፌ፥ በኮቸሬና በገደብ የቃለ ሕይወት፥ የመካነ ኢየሱስና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ጌታን ያመልካሉ። የሚያብረቀርቁ ጣሪያዎች ኮረብታውን ሞልተዋል።

ከዋራሳ ሕይወት ለኑሮአችን

እንግዲህ ከእኚህ አባት ምን እንማራለን? ራእይ ማየትን አይደለም። በእጃችን የተጻፈ ቃል አለ። የምንማረው እግዚአብሔርን ማክበር በሰው ኑሮ ውስጥ ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ነው።

አንደኛ፥ እግዚአብሔርን ማክበር ወደ እርሱ መቅረብ ነው። ዋራሳ ከሕዝባቸው የተለዩት ማጌኖን የበለጠ በመፍራት አልነበረም፤ በቀጥታ በመለመን ነበር። በጉባኤ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፥ በጸሎት ጊዜ ስልክን መዝጋት፥ በሰዓቱ መድረስ ሁሉ መልካም ነው፤ እንዲያውም ብዙ የጎደለን ነገር ነው። ነገር ግን ልባችን በጭንቅ ቀን ወዴት እንደሚሮጥ ካልጠየቅን ሥርዓቱ ብቻውን ክብር አይሆንም።

ሁለተኛ፥ እግዚአብሔርን የሚያከብር ሰው የሚልከውን ሰው ያከብራል። በማቴዎስ 10፥40-42 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የሚቀበል እርሱን እንደሚቀበል፥ የቀዝቃዛ ውኃ ጽዋም እንኳ ዋጋ እንዳለው አስተምሯል። ዕብራውያን 13፥2ም እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ ያሳስበናል። እግዚአብሔር ወደ ዋራሳ የላካቸው የሚያምር መኪና ያላቸውን አልነበረም። ዛሬም መልእክቱን የሚልከው ድምፁ በማያምር ሰባኪ፥ ቋንቋው በሚሰባበር ወንጌላዊ፥ ወይም ገና ባልተማረች እናት አፍ ሊሆን ይችላል። በልብሱና በብሔሩ ገና ሳይናገር ከፈረድንበት መልእክቱ ያመልጠናል።

ሦስተኛ፥ ወንጌል መልካሙን የአገር አክብሮት አያፈርስም፤ ያነጻዋል እንጂ። ዘሌዋውያን 19፥32 በሽበታም ፊት መነሣትን እግዚአብሔርን ከመፍራት ጋር አያይዞ ያዛል። ለሰይጣን የሚቀርበው መሥዋዕት ቀርቷል፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን ከመሥዋዕቱ ጋር ለሽማግሌ መነሣት፥ በሶንጎ የነበረው ትዕግሥትና የማስታረቅ ልብም አብሮ ከቀረ ጥፋት ነው። ጌታን አገኘሁ የሚል ወጣት ያላመኑ አያቱን እንደ ንቁ ነገር ቢያይ፥ አያቱ ወንጌሉን በየትኛው ደጅ ይሰሙ? ብራንትና ኬይን ሕዝቡን ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ ብለው በጥያቄ ቀረቡ፤ መልሱንም አዳመጡ። ሰውን ማዳመጥ የምስክርነት መጀመሪያ ነው።

አራተኛ፥ አክብሮት በገበያም ይታያል። የጌዴኦ ኑሮ ቡና ነው። በመከር ወራት እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክማ የመጣችውን መበለት በሚዛን የሚያጎድልባት ነጋዴ፥ እሑድ እጁን አንሥቶ ቢያመልክ እግዚአብሔርን አከበረ አይባልም። ምሳሌ 11፥1 ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ እንደ ሆነ ይናገራል። ምሳሌ 14፥31ም ድሀን የሚያስጨንቅ ሰው ፈጣሪውን እንደሚሰድብ ያስተምራል። ለቀማ የዋለውን ልጅ ደመወዙን በሰዓቱ መክፈል፥ በቤታችን የምታገለግለንን እኅት በስሟ መጥራትና በማዕድ ማስታወስ፥ እነዚህ ሁሉ የአምልኮአችን ክፍል ናቸው።

አምስተኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ሰዎች ሞተዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል። ጌዴኦና ጉጂ ለብዙ ዘመን አብረው የኖሩ፥ በጋብቻና በገበያ የተሳሰሩ ሕዝቦች ናቸው። በሁለቱም ወገን የክርስቶስን ስም የሚጠሩ ብዙዎች አሉ። በዚያ የመከራ ወራት አብያተ ክርስቲያናት ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆነዋል፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ወንጌሉ ይህን ያህል በተሰበከበት ምድር ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት አሳደደ ብለን በእንባ መጠየቅ አለብን። በያዕቆብ 3፥9-10 በአንድ ምላስ አብን እየባረክን በምሳሌው የተፈጠሩትን ሰዎች የምንረግም ከሆነ እንደማይገባ ተጽፎአል። ስለ ጎረቤት ሕዝብ በቡና ላይ የምንናገረው ንቀት የእሳቱ መጀመሪያ ነው። ነጭ ማለት ወራሪ በነበረበት ጊዜ ለነጭ እንግዳ ልባቸውን የከፈቱት ዋራሳ ዛሬ ቢኖሩ ምን ይሉን ነበር?

ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ 2፥17 ላይ ሰውን ሁሉ ማክበርን፥ ወንድሞችን መውደድን፥ እግዚአብሔርን መፍራትንና ንጉሥን ማክበርን በአንድ ትእዛዝ አያይዟቸዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

ውድ አንባቢያን፥ ምሰሶ ሲነቀል ቤቱ አብሮ ይናወጣል። ዋራሳ ያንን ያዩት ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ክብር ከቤት ጥግ የሚነሣ ትርፍ ዕቃ ስላልሆነ ነው። ቤቱን የያዘው እንጨት ራሱ ይጠየቃል። ለአንዳንዳችን ምሰሶው ገንዘባችን ነው፤ ለአንዳንዳችን ስማችንና ወገናችን፤ ለአንዳንዳችንም በድብቅ የያዝነው ፍርሃት ነው። ምሰሶአችንን ነቅለን በእርሱ ደጅ የምንተክልበትን ጸጋ ጌታ ይስጠን። ለጌዴኦና ለጎረቤቶቹም ሁሉ ሰላሙን ያብዛልን። አሜን።